የተቀበረ ቦሎቄና ክብርት ክዳን ከፋች

ድስት የተጣደበት ቤት ሁሉ ክዳን ከፋች አያጣም። የሀብታም ቤት ይሁን የድሃ፣ እሳት ላይ የሚንተከተክ ነገር ካለ አንድ ሰው ከየት መጣ ሳይባል ብቅ ይልና «እስቲ አንዴ ልየው» ይላል። በአንዴ የቀረ ክዳን ከፋች ግን እስከ ዛሬ አልተወለደም።

የእኛን ላስተዋውቃችሁ። ክብርት እትዬ ቬርና ይባላሉ፤ የስልሳ ስምንት ዓመት ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጡ የተማሪ አውቶቡስ ሹፌር ናቸው። በዚህ በአሜሪካ፣ በሰሜን ሜይን፣ በድንች እርሻና በተናካሽ ጥቁር ዝንብ መካከል በተወሸቀችው መንደራችን፣ እትዬ ቬርና ያልከፈቱት ክዳን ካለ ባለቤቱ ገና ከሱቅ አላመጣውም ማለት ነው። ቤት ሲገቡ ኮታቸውን ሳያወልቁ ምድጃው ዘንድ ናቸው። ኬኩ ይሟሽሻል፣ ሾርባው ይቀዘቅዛል፤ እሳቸው ግን «ትንሽ ይቀረዋል» የሚል ፍርድ ሰጥተው ይቀመጣሉ። እንዴት አይቀረው፣ መች ሊበስል ፈቀዱለት!

በቤተ ክርስቲያን እራት ላይ ሃያ ድስት ተደርድሮ ፓስተሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲባርኩ፣ እትዬ ቬርና አሥራ ሦስቱን አዳርሰው «አሜን» ላይ ደረሱ። የአቶ ኮልቢ ቀብር ዕለትማ ወደ ሬሳ ሳጥኑ ጠጋ ሲሉ ቤተ ዘመዱ በሙሉ ትንፋሹን ዋጠ።

እኔ ልስቅባቸው ሲገባኝ መቼም አፌን ሞልቼ አልስቅም። ያለፈው የካቲት ሳንባዬን ታምሜ በሬን ዘግቼ ሦስት ቀን ተኛሁ፤ ማንንም አልጠራሁም፣ ኩራት ነው መሰለኝ። እትዬ ቬርና ሳያንኳኩ ከፍተው ገቡ፣ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርገው አዩኝና «ኤመሪ፣ አንተ እኮ እየሞትክ ነው!» ብለው በዚያ በረዶ ሐኪም ቤት አደረሱኝ። ጎረቤቴ በጨዋነት የሚያንኳኳ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን በጋዜጣ የሚጽፍላችሁ አልነበረም።

አሁን ወደ ቦሎቄው።

በእኛ አገር በበጋ ግቢ ውስጥ ሥጋ ሲጠበስ ቦሎቄ አብሮ ይቀርባል፤ ደግ ቦሎቄ ደግሞ ይቀበራል እንጂ አይጣድም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ በድንጋይ በተለበጠ ጉድጓድ ውስጥ እንጨት ይነድና ፍም ይሆናል። ቦሎቄው ከአሳማ ጮማ፣ ከሽንኩርት፣ ከሰናፍጭና ሞላሰስ ከሚሉት ጥቁር የስኳር ማር ጋር በከባድ የብረት ድስት ይገባል። ክዳኑ ይገጠማል፣ ፍም ይደፋበታል፣ አፈር ይለብሳል። ከዚያ እስከ ቅዳሜ እኩለ ቀን ማንም አይነካውም። አፈሩ አንዴ ከተነሣ ሙቀቱ ያመልጥና ቦሎቄው ጠጠር ይሆናል።

ይህን ሥራ ለክዳን ከፋች የሚሰጥ ማን ነው? ትሉ ይሆናል። የእትዬ ቬርና አባት ናቸው። ሲሞቱ ቤቱን ለወንዱ ልጃቸው ለጋሽ ዌንደል፣ በቤቱ ግቢ ለየበጋው ድግስ የሚቀበረውን ቦሎቄ ለበኩራቸው ለእትዬ ቬርና ተናዘዙ። ካቻምና እትዬ ቬርና ሦስት ጊዜ ከፈቱት። አምና «አንዴ ብቻ» ከፈቱት። አንድ የአክስት ልጅ ጥርሱን በመዳፉ ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ፤ የተረፈውን ደግሞ ዶሮዎቹ ቀምሰው ተዉት።

ዘንድሮ ጋሽ ዌንደል አሸዋ አስመጥተው ጉድጓዱ አጠገብ አስቆለሉ።

«ቬርና፣ ስሚኝ» አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ዘንድሮም ጠጠር ከበላን ጉድጓዱ ይደፈናል። ለከርሞ የቆርቆሮ ቦሎቄ እንከፍታለን፣ አበቃ።»

«አባባ የቆፈረውን ጉድጓድ?»

«አባባ ቢኖር ክዳኑን በሚስማር ይመታብሽ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም?»

«አልነካውም። አንዴም።»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔም፣ እግዜር ይይልኝ፣ ሳቅሁ።

ድስቱ ዓርብ ማታ ተቀበረ። እትዬ ቬርና ጉድጓዱን ሰባት ጊዜ ዞሩት። ቀጥሎ በጉልበታቸው ተንበርክከው ጆሯቸውን መሬት ላይ ለጠፉ።

«ይንተከተካል መሰለኝ።»

«ከአንድ ክንድ አፈር ሥር?» አሉ ጋሽ ዌንደል። «ተነሽ ወደ ቤትሽ! ተነሽ ብያለሁ!»

እኔም ቤቴ ገብቼ ተኛሁ፤ መተኛት ካሉት። የእሳቸው ጭንቀት ተጋብቶብኝ ስገላበጥ ነጋ። ቢደርቅስ? ፍሙ ቢያንስስ? በጊዜ የሚያይለት ሰው ቢኖር እኮ ጠብታ ውሃ ጨምሮ ይመልሰው ነበር። ፀሐይ ብልጭ ሳትል አካፋዬን ይዤ መንገዱን ተሻገርኩና በጋሽ ዌንደል አጥር ሾልኬ ገባሁ።

ጉድጓዱ አፈር ላይ፣ ልክ መካከሉ ላይ፣ አንድ የሚታጠፍ ወንበር ቆሟል። ወንበሩ ላይ ብርድ ልብስ የተከናነቡ፣ ቦት ጫማ ያደረጉ ክብርት እትዬ ቬርና ተቀምጠዋል።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ኤመሪ።»

«ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ነፋስ ልቀበል።»

«በአካፋ?»

አካፋውን ከጀርባዬ ልደብቅ ሞከርኩ። አካፋ ደግሞ አይደበቅም።

«እርስዎስ? ከሌባ ሊጠብቁ ነው?»

«ሌባማ ይምጣ። እኔ የምጠብቀው ከራሴ ነው። ከተቀመጥኩበት፣ ለመክፈት መጀመሪያ መነሣት አለብኝ። ይህ ጉልበቴ ደግሞ ቶሎ አያስነሣኝም። እስክነሣ ልብ እገዛለሁ።»

ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። «ኤመሪ፣ ጠጠር ቢሆንስ?» አሉኝ። «ዌንደል ቤቱ አለው፣ መሬቱ አለው። ከአባባ ለእኔ የደረሰኝ ይህ ጉድጓድ ብቻ ነው።»

አንጀቴን በሉት። አካፋውን ጣልኩና አንድ ባልዲ ደፍቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እኔ እርስዎን ልጠብቅ፣ እርስዎ እኔን ይጠብቁ» አልኩ።

ያን የመሰለ ረጅም ጠዋት አላሳለፍኩም። ሁለት ጊዜ «እስቲ አንዴ ልየ...» ብለው ብድግ ሊሉ ሲሉ «ቁጭ ይበሉ!» ብዬ ጮኽኩ። አንድ ጊዜ ደግሞ እጄ ራሱን ችሎ ወደ አካፋው ሲሄድ በጥፊ መለሱት። ጥቁር ዝንቡ ሁለታችንንም ሳያዳላ በላን። ጋሽ ዌንደል በጠዋት ብቅ ብለው አዩን፤ አፈሩን ዞረው መረመሩት፤ የተነካ ቦታ ሲያጡ ዶሮ ሊጠብሱ ወደ አዲሱ የጋዝ መጥበሻቸው ሄዱ።

እኩለ ቀን ሲሆን ግቢው ሞላ። ጋሽ ዌንደል አፈሩን ጠረጉ፣ ፍሙን ገፉ፣ ድስቱን በመንጠቆ አወጡት። ሃምሳ ሰው ወደ እትዬ ቬርና ዞረ። እሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል፤ ግራ እጃቸው ቀኙን አንቆ ሲይዝ ከበስተኋላቸው ሆኜ እኔ ብቻ አያለሁ።

«አንተ ክፈተው» አሉ ወንድማቸውን።

ጋሽ ዌንደል ከፈቱት። እንፋሎቱ መነጽራቸውን ሸፈነው። የጮማና የሞላሰስ ሽታው አጥሩን ዘሎ መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው አስቆመ። ቦሎቄው እንደ በሰለ ቴምር ጠቁሯል፣ መረቁ ወፍሯል። ጋሽ ዌንደል አንዲት ፍሬ በማንኪያ አንሥተው ምላሳቸው ላይ አኖሩ።

ቆየን። እሳቸው አላኘኩም። ማኘክ አላስፈለጋቸውም።

«እና?» አሉ እትዬ ቬርና።

ጋሽ ዌንደል ሌላ ማንኪያ ጨመሩ። ከዚያም ሌላ።

«ቬርና» አሉ አፋቸው ሞልቶ፣ «ይሄን ሁሉ አሸዋ ምን ልሠራበት ነው ያመጣሁት?»

«እሱማ እኔንም ግራ ገብቶኛል» አሉ እህታቸው።

ግቢው በጭብጨባ ተናጋ። የድሮ የአውቶቡስ ተማሪዎቻቸው፣ ዛሬ ሸበቶ የሆኑት፣ «ቬርና! ቬርና!» እያሉ ጮኹ። የአምናው የአክስት ልጅ በአዲስ ጥርሱ ሦስት ሳህን በላ። እኔም ዓይኔን እየጠረግሁ ጢሱ ነው አልኩ፤ ጢስ ግን አልነበረም። እኚህን ሴትዮ እወዳቸዋለሁ፤ ዛሬ በጋዜጣም ይውጣ።

ለምስጋና ንግግር ዞር ብንል እትዬ ቬርና የሉም። ከግቢው ወዲያ ማዶ የጋሽ ዌንደልን የጋዝ መጥበሻ ክዳን ብድግ አድርገው አንዷን ዶሮ በሹካ ይወጋሉ።

«ዌንደል! ና እዚህ፤ ደም ነው እኮ የሚወጣው!»

ጋሽ ዌንደል ሄደው መቆንጠጫውን በሁለት እጃቸው አስረከቧቸው። ዶሮውን የበላነው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። እስከዚያ ግን የራበው ሰው አልነበረም።