ዜና ገበያነሽ፣ «ጥማት»ን በውሃ የሞሉ

በሐይቅ ዳሯ ከተማ ዘመን በቧንቧ ይቆጠራልና፣ ውሃ በጠፋ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ አቶ ባህሩ በባህል አዳራሹ ላይ በተሾሙ በሦስተኛው ዓመት፣ ወይዘሮ ገበያነሽ፣ እመቤተ መጥረጊያ፣ ዐቃቢተ ባልዲ፣ ቧንቧው ሲያስነጥስ ሰሙ።

በዚያው ዕለት ከአክራና ከዳካር የመጡ የአፍሪካ የዘመኑ ጥበብ ውድድር ዳኞች በዘጠኝ ሰዓት ይገቡ ነበርና፣ ሠዓሊው ኦሊያድ ሁለት ዓመት የደከመበትን ሥራ፣ «ጥማት» የሚባለውን፣ ሃያ አንድ ባዶ ቢጫ ጀሪካን፣ ከጣሪያ ሊሰቅል ደርድሮ፣ ገመድ ፍለጋ አዲስ ከተማ ሰፈር ሄዶ ነበር። ወይዘሮ ገበያነሽም ጀሪካን በተርታ ቆሞ ባዩ ጊዜ ባለቤቶቹ ወረፋ አስይዘው የሄዱ መሰላቸው፤ አንጀታቸውም አልቻለም። ዘበኛው ኩማ ከነዱላው፣ ሻይ አፍዪዋ ፍቅርተ ከነጆጓ ተከተሏቸው፤ ማንም ያልጠራው አንድ አባ ኮዳ የሚሉት ወፍም ከሐይቁ መጥቶ አጥሩ ላይ ቆመ። ሃያ አንዱንም እስከ አፉ ሞሉ፤ ወዲያው ውሃው ሄደ።

ወእምዝ ኦሊያድ ተመልሶ አንዱን ሊያነሣ ቢሞክር ወገቡን ያዘው፤ አዋጅም አወጀ፦ «እትዬ ገበያነሽ፣ ይሄ እኮ ሥራዬ ነው። ባዶውን ካልተሰቀለ አበቃልኝ፤ በሞቴ ይድፉልኝ።»

ወይዘሮ ገበያነሽ እጅግ አዘኑ፤ ከሥራ መባረርንም ፈሩ፤ ነገር ግን ባልዲያቸውን ታቅፈው አዋጅ መለሱ፦ «ጥፋቱ የኔ ነው ልጄ። በአሥራ አንድ ቀኑ የመጣ ውሃ ግን ልደፋ እጄ አይታዘዘኝም። ሰው ይውሰደው።»

ኩማም አደባባይ ወጥቶ፣ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ፤ ዕቃ ያለህ ና፤ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ» ብሎ ለፈፈ። መጡም፤ የፀጉር ቤት ሴቶች ሳሙናው ከራሳቸው ሳይለቅ፣ ዓሣ ጠባሾች ከነቅርፊታቸው፣ ሰርግ የደረሰባቸው አንዲት እናት በባጃጅ በርሜል አስጭነው። ሃያው ባዶ ሆኖ ተሰቀለ። ሃያ አንደኛው ወሳጅ ሳያገኝ ሰዓቱ ሞላ።

ዳኞቹም ሐይቁ ዳር ዓሣ በልተው ገቡ፤ በመታጠቢያ ቤቱ ግን ጠብታ አልነበረም። ወይዘሮ ገበያነሽ እንግዳ እጁን ሳይታጠብ አይቆምም ብለው፣ ከሃያ አንደኛው እየቀዱ ከተሰቀለው ጥማት በታች አስታጠቧቸው። ዳኞቹ ይህንን ከሥራው መሐል ቆጥረው ጎንበስ አሉ፤ ወረፋም ያዙ፤ ታጥበው ሲያበቁም የዳካሩ ዳኛ አዋጅ አወጁ፦ «ሥራው አንደኛ ወጥቷል። እኚህ ሴት ግን ከሥራው እንዳይወጡ።»

ስለዚህ ከሥራ እባረራለሁ ብለው በፈሩበት ዕለት ከሥራ እንዳይወጡ የታወጀላቸው ወይዘሮ ገበያነሽ፣ መዋዒተ ድርቅ፣ ሥራው ለትርኢት ዳካር ሲሻገር ከነባልዲያቸው አብረው ይሻገራሉ፤ ቧንቧ ኖሮ ውሃ በሌለበት አገር ሁሉ ስማቸው ሲመሰገን ይኑር።