ጭልፊት ከየት ነው የሚነሳው?

ወገን፣ ይቺን ፖስት የምጽፈው መሬት ላይ ተቀምጬ ነው። ዛሬ ወንበር ራሱ ከፍ አለብኝ! ፊደል ብስት እለፉኝ።

እንደምታውቁት ጀጎል ውስጥ ኬጂ አስተምራለሁ። ከደብረ ብርሃን ከመጣሁ ገና ዓመቴ ነው። ትምህርት ቤታችን የድሮ የድንጋይ ቤት ነው፤ ጣሪያው ጠፍጣፋ፣ ደረጃው ቀጥ ያለ። እኔ ደግሞ ከፍታ እፈራለሁ። አምፖል እንኳን ጎረቤት ጠርቼ ነው የማስቀይረው።

ዛሬ አርት ነበረን። ሥጋ ተራው ላይ ሲዞሩ የሚውሉትን ጭልፊቶች እንሥራ አልኩ። አሪፍ አይዲያ አይደለም? ቦርዱ ላይ አንድ ጭልፊት ሳልኩላቸው። ከማካሮኒ ካርቶን ክንፍ ቆረጥን፣ ቡናማ ቀለም ቀባን፣ ክንዳቸው ላይ በላስቲክ አሰርን። ሃያ ሁለት ጭልፊት! ክፍሉ በጩኸት ሊፈርስ ምንም አልቀረው።

ኢክራም የምትባል የአምስት ዓመት ተማሪ አለችኝ። ዝም ብላ ታይና አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች። ዛሬም መጣች።

«ቲቸር፣ ጭልፊት ሲበር ከየት ነው የሚነሳው?»

እኔ ፀጉሬ ላይ የተለጠፈ ሙጫ እያላቀቅኩ ነበር። «ከፍ ካለ ቦታ ነዋ!» አልኳት።

አዎ። በዚህ አፌ።

ትንሽ ቆይቼ ለፎቶ አሰለፍኳቸውና ቆጠርኩ። ሃያ አንድ። እንደገና ቆጠርኩ።

ሃያ አንድ!

ኢክራም የለችም። ወደ ጣሪያ የሚያወጣው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጠዋት ካርቶኖቹን ከደረጃው ሥር ያወጣሁት እኔ ነኝ። በሩን ሳልቆልፍ የሄድኩትም እኔ ነኝ።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። እመቤቴን ስጠራ ብቻ ትዝ ይለኛል።

ጫፉ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች። ክንፎቿን ዘርግታለች። ከበላይዋ ጭልፊቶች ይዞራሉ፣ ከታች ድንጋይ ነው። ብጠራት ትደነግጣለች፣ ባልጠራት ትዘላለች። በሆዴ ተኛሁና እየተሳብኩ ሄድኩ። ሳቃችሁ አይደል? እኔ ግን እናቷን ምን እላታለሁ ብዬ ነበር የማስበው።

ቀሚሷን ጨምድጄ ያዝኩ። ቀስ ብላ ዞረች።

«ቲቸር፣ ጭራውን ተሳስተሻል። እንደ ሹካ ነው» አለችኝ።

ልትበሪ አልነበረም እንዴ የወጣሽው አልኳት። ክንፏን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ካርቶን እኮ ነው።»

እንውረድ ስትለኝ ደግሞ ደረጃው አፍ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ጥበቃችን ጋሽ አህመድ ወጥተው «አብሽሪ ልጄ፣ ወደ ታች አትዪ» እያሉ በመቀመጫዬ አንድ አንድ ደረጃ አወረዱኝ። ኢክራም ከፊት እጄን ይዛ ትመራኛለች። ታች ሃያ አንድ ጭልፊት አጨበጨበልኝ።

እናቷ ልትወስዳት ስትመጣ ምንም ሳልደብቅ ነገርኳት። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ልጇን ወደ ራሷ አስጠግታ፣ «እቤትም እንደዚሁ ናት፣ ቲቸር። እኔ ግን በሩን እቆልፋለሁ» ብላኝ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ምሳም አልበላሁ።

ቁልፉ አሁን ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ ነው። የጭልፊቱንም ጭራ አስተካክያለሁ። ግን በፕላኑ መሠረት የሚቀጥለው ትምህርት ዓሣ ነው፤ ግቢያችን ውስጥ ደግሞ ትልቅ የውሃ ሮቶ አለ። እስቲ ንገሩኝ፣ ኢክራም «ዓሣ የት ነው የሚኖረው?» ብላ ብትጠይቀኝ ምን ልበላት?