መምህርት ሰርካለም ደም ትለምናለች

በየትምህርት ቤቱ፣ ከሩቅ ብቅ ሲል መምህሩ ሁሉ ድንገት ሥራ የሚበዛበት አንድ ሰው አለ። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉማ ቢሆን ደፍሮ "አይሆንም" ማለት ይቻል ነበር። ችግሩ ደግ መሆኑ ነው፤ ደግሞም ወረቀትና እስክርቢቶ ይዟል።

እኛ ስማዳ ውስጥ፣ ወገዳ ከተማ ያለችን መምህርት ሰርካለም ናት። የሥነ ሕይወት መምህርት፣ የቀይ መስቀል ክበብ ተጠሪ፣ እኛ በሹክሹክታ በሰጠናት ማዕረግ ደግሞ ክብርት የደም ሚኒስትር። ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ረጅም ነው። ሰላምታዋ እንደ ሰው "እንዴት አደርህ" አይደለም፤ "ሦስት ወር ሞላህ?" ነው። ደም የሰጠ ሰው ሦስት ወር ሳይሞላው አይደግምምና የእያንዳንዱን ሰው ቀን በቃሏ ይዛለች።

ሠርግ ቤት ሚዜዎቹን ከእግር እስከ ራስ ቃኝታ "ሁላችሁም ከአርባ አምስት ኪሎ በላይ ናችሁ፤ ከመልሱ በኋላ ኑ" ብላለች። አንድ የባጃጅ ሹፌር መንገድ ላይ ቢጮህባት "ደምህ እንዲህ ከሚፈላ ለምን አትሰጠውም?" አለችው። ዐሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላውን ግን አታስጠጋም። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እሰጣለሁ ብሎ እጁን ቢያወጣ "አንተ እደግ፤ እጠብቅሃለሁ" አለችው። ልጁ እስከ ዛሬ ሲያያት ይደነግጣል።

እኔ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። መርፌ እፈራለሁ። ጎልማሳ ሰው ይህን አይናገርምና ሁለት ዓመት ሙሉ በጾም አሳበብሁ። እሷ ምን አደረገች? መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ዘንድ ሄዳ፣ ባሕረ ሐሳቡን አስቆጥራ፣ ጾም የማይበዛባቸውን ሳምንታት በቀይ አስምራ መጣች።

"ጥቅምት፣ ከጥምቀት ማግሥት፣ ከፋሲካ በኋላ ሃምሳው ቀን። ሌላስ?"

"ጉንፋን ይዞኛል" አልሁ።

ባለፈው ጥቅምት ደም የሚቀበለው ቡድን ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው፣ አንዲት ሴት ዱላቸውን ይዘው የመምህራኑን ክፍል በር ሞሉት። እትዬ ላቀች ይባላሉ፤ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍሏ የኤልሳቤጥ እናት ናቸው። ከገጠር ለልጃቸው ስንቅ ይዘው መምጣታቸው ነበር።

"ደም ሰብሳቢዋ ማናት?"

"እኔ ነኝ፣ እትዬ። ይቀመጡ" አለች ሰርካለም።

"አልቀመጥም። ልጄ ተመዝግባለች አሉኝ። እውነት ነው ወይ?"

"እውነት ነው። ዐሥራ ስምንት ሞልቷታል፤ በፈቃዷ ነው። ደግሞ ሰውነት መልሶ ይተካዋል።"

"ከምኑ ይተካዋል? ልጄ በኪራይ ቤት ድርቆሽ እያራሰች በልታ ነው የምትማር። ስንቁን የማዘጋጅ እኔ ነኝ፤ ምን እንዳለበት አውቃለሁ። ከድርቆሽ ተርፎ ለሰው የሚሰጥ ደም የታለ?"

ሁላችንም ቀና አልን። ለጾም፣ ለጉንፋን፣ ለሠርግ መልስ ያላት ሴት ወደ ስም ዝርዝሯ አቀረቀረች። "አስቀድሞ ይመረመራል" አለች ቀስ ብላ። እትዬ ላቀች ሳይሰናበቱ ወጡ።

በቀጠሮው ቀን ኤልሳቤጥ ጣቷን ተወግታ ተመረመረች፤ ደም ማነስ አለብሽ ተባለች። እያለቀሰች ወጣች። ሌሎች ስድስት ልጆችም እንዲሁ ተመለሱ፤ ሁሉም ከገጠር መጥተው ቤት የተከራዩ ናቸው። ሰርካለም ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

"እናትየዋ ልክ ናቸው" አለችኝ። "ስጡ፣ ስጡ ስል ከረምሁ። በልታችኋል ወይ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁም።"

በገበያ ቀን እትዬ ላቀችን ፈልጋ ይህንኑ ነገረቻቸው። ትኩር ብለው አዩዋት። "ክፉስ አይደለሽም" አሏት፤ "ችኩል ነሽ እንጂ።"

እንግዲህ ተገላገልን ብዬ ነበር። ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ጠበቀችኝ። "እሁድ እሁድ ቤትህ ምሳ ምን ይሠራል?"

ሰባቱን ልጆች ጤና ጣቢያ ወስዳ ክኒን አስጀመረቻቸው፤ ከዚያ ለእሁድ ምሳ በሰባት መምህራን ቤት አከፋፈለቻቸው። ማንም አላመለጠም። ለእኔ ኤልሳቤጥ ደረሰችኝ። ባለቤቴ አበራሽ ምስሩንና ጎመኑን ስታቀርብ፣ በመጀመሪያው እሁድ ልጅቱ ሦስት ጉርሻ በልታ "ጠገብሁ" አለች። የገና በዓል ሲደርስ ግን የስማዳን ወንዞች ካርታ ስስል "እዚህ ጋ አይደለም የሚታጠፍ፣ ጋሼ" እያለች ታርመኝ ጀመር።

ከጥምቀት በኋላ ቡድኑ ተመልሶ መጣ። ኤልሳቤጥ ተመረመረች፤ አለፈች። እናቷም መጥተው ነበር። ሰርካለም ወደ እሳቸው ሄዳ "እርስዎ ካልፈቀዱ ዛሬም ይቀራል" አለች። እኔ ከጎኗ ቆሜ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።

እትዬ ላቀች ልጃቸውን አዩ። ጉንጯን ዳሰስ አደረጉ።

"ደሙን ማን ይወስደዋል?"

"አይታወቅም። ወላድ ልትሆን ትችላለች፤ አደጋ የደረሰበት ሰው ሊሆን ይችላል።"

"ሰውየውስ የማን እንደሆነ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"እንግዲያ አመስጋኝ የላትም።"

"የላትም፣ እትዬ።"

"ደግ። ምስጋና የበዛበት ልጅ ይበላሻል" አሉና ደም መስጫው አልጋ አጠገብ ተቀመጡ።

ከዚህ በኋላ ምን ሰበብ ይገኛል? ኮቴን አወለቅሁ። ሰርካለም ሳልነግራት ገብቷታል መሰለኝ፣ መርፌው እንዳይታየኝ በፊት ለፊቴ ቆመች። የአባቷ በቅሎ ሙሽራ እንደ ጫነች ከሠርገኛው ተነጥላ እንዴት እንደ ጠፋች ታወራኝ ጀመር። ሙሽሪት ከኮርቻው ላይ ስትጮህ፣ ሚዜዎቹ በአዲስ ጫማቸው ጭቃ ሲያቦኩ፣ በቅሎዋ ሌላ ሠርግ ቤት ደጃፍ ስትቆም።

የደሙ ከረጢት መሙላቱን የነገረችኝ ነርሷ ናት። እኔ ወሬው እንዳያልቅብኝ ነበር የፈራሁት።