ክቡር ዶክተር ኤምቶር

ብረት የሚነሳበት ቤት ሁሉ፣ ብረት ሳያነሳ ስለ ብረት የሚያስተምር አንድ ሰው አያጣም። ለአንዲት ልብስ ሰፊ የደረሷት ክቡር ዶክተር ኤምቶር ነበሩ። ዶክተር እንኳ አይደሉም፤ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ናቸው። ስሙ የወጣላቸው፣ ጡንቻ ውስጥ ስላለ ኤምቶር ስለሚባል ፕሮቲን ሲያወሩ ስለሚውሉ ነው። የራሳቸው ክንድ ግን ከመቅጠኑ የተነሳ የካናቴራቸው እጅጌ ይንቦረቀቅባቸዋል።

እሷ የመጣችው ለወሬ አልነበረም። ተሰብሮ የነበረው ግራ እግሯ ከጄሶ ሲወጣ ጭኑ መንምኖ ጠበቃት። የስፌት መኪናዋን ፔዳል ስትረግጥ የኖረችው በዚያ እግር ነው፤ ካልበረታ ሱቋ መዘጋቱ ነው። እናም በየቀኑ እየመጣች ቁጭ ብድግ ትሠራለች፤ ክቡርነታቸውም አጠገቧ ቆመው ይሰብካሉ።

«እህቴ፣ ጡንቻ ሲጎተት ሴሉ ይሰማዋል! ኤምቶርን ይቀሰቅሰዋል፤ ኤምቶር ደግሞ ፕሮቲን ሠሪዎቹን ‹ተነሱ!› ይላቸዋል።»

«ጋሼ፣ መጀመሪያ እኔ ልነሳበት።»

ማንንም አይምሩም። ጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲ ተሸክማ ስታልፍ፣ «ይሄኔ ክንድሽ ውስጥ ግንባታ ተጀምሯል!» አሏት። «እንግዲያው ባልዲውን ይያዙልኝ» ብትላቸው፣ ማብራሪያውን ቀጠሉ። አንዱ ጎረምሳ ብረቱ ደረቱ ላይ ቀርቶበት «ኧረ አንሱልኝ!» እያለ ሲጮህ ደግሞ፣ «ሴሉ ይሰማዋል!» ብለው አበረታቱት። ያነሱለት ሌሎች ናቸው።

አንድ ቀን ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ጭኖቿን ለካች። ደህነኛው ቀኟ ወፍሯል፤ ግራው ንቅንቅ አላለም። እንባዋ መጣ።

«ይኸው፣ የእርስዎ ኤምቶር ከዳኝ!»

ክቡርነታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ «እስቲ ሥሪ» ብለው ጎንበስ ብለው አዩዋት።

«የምትነሺው እኮ በቀኝሽ ነው። ፔዳሉንስ?»

ከተሰበረች ወዲህ እንደ ምንም በቀኟ ነበር የምትረግጠው፤ ሰውነቷም ለምዶት ወደዚያው ያዘነብላል።

«በይ፣ ግራሽ አጃቢ ሆኖ ከርሟል። የሚሰማው የተጎተተው ሴል ራሱ ነው፤ ጎረቤቱ አይነግርለትም። ትከሻዬን ያዢና በግራሽ ተነሺ።»

ተነሳች። ክብደቷ እሳቸውን ወደ ጎን አዘነበላቸው፤ ግን አልሸሹም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ትከሻቸውን ይዘው ቀረቡ፤ ወሬውም አብሮ ነበር፤ እሷም አንድ ቀን ከቀሩባት በር በሩን ታይ ጀመር።

በግራ እግሯ ፔዳል እየረገጠች መጀመሪያ የሠራችው የእሳቸውን ካናቴራ ነው።

«ጋሼ፣ እጅጌውን በልክዎ አጥብቤዋለሁ። ከውስጥ ግን ትርፍ ጨርቅ ትቻለሁ።»

«ለምን?»

«ሴልዎ የተሰማው ቀን እንለቀዋለን።»