ምልክት የሚሰርቅ እንግዳ

ቤዝቦል፣ ያ የአሜሪካኖች የዱላና የኳስ ጨዋታ፣ ሰው ያበላሻል ብል ታምኑኛላችሁ? ታክሲ ነጂውን ጋሽ ተፈራን አበላሽቶብናል። ኳስ ያዡ ምን ዓይነት ኳስ እንደሚወረወር ለወርዋሪው በጣቱ እንደሚነግረው፣ ሁለተኛው ቤዝ፣ ማለትም ሯጮች የሚያርፉበት ምልክት ላይ የቆመ የመቺው ቡድን ሯጭ ደግሞ ምልክቱን ሰርቆ ለመቺው እንደሚያቀብል አርሊንግተን ከተማ ስታዲየም ወስጄ ካስረዳኋቸው ወዲህ ዓይናቸው አላርፍ አለ።

ባለፈው እሁድ ጎረቤት ከተማ ዩለስ፣ ወዳጃችን አልማዝ ቤት ተጋበዝን። ምስሩን እየበላን ሳለ አልማዝ ባሏን ጠቀስ አድርጋ ጆሮዋን ነካች። ጋሽ ተፈራ በክርናቸው ጎሰም አድርገው ሹክ አሉኝ።

«ወጡ አልቋል፤ ‹ብሉ እያልክ አትለምናቸው› እያለችው ነው። ኦኬ፣ እንነሳ!»

ማለቴ፣ እሳቸውን ማን ይከራከራል? ቢለምኑንም አሻፈረን ብለን ወጣን።

በማግስቱ አልማዝ ደወለችልኝ። «ምን አስቀየምናችሁ? ዶሮውን አምጣው ብዬ ብጠቅሰው ተነሳችሁ!»

ለጋሽ ተፈራ ነገርኳቸው። ጆሯቸውን ነካ አድርገው፣

«ምልክቱንስ ሰርቄ ነበር» አሉ፤ «ትርጉሙን ግን ከራሴ ቤት አመጣሁት።»