ርዝመት፣ ወርድ፣ ክብደት

[ዘመኑ የጣሊያን ነው። ቦታው አምበር አጠገብ ያለ የአንድ ደብር ዕቃ ቤት። መጻሕፍት የሚያዙባቸው የቆዳ ማኅደሮች በየችንካሩ ተንጠልጥለዋል። የዕቃ ቤቱ ጠባቂ አባ ድረስ፣ ከዚያው ደብር ተወልዶ አሁን ለጣሊያን ቢሮ መጻሕፍት ከሚመዘግበው ከሙላት ጋር አንድ ማኅደር ግራና ቀኝ ይዘው ይጓተታሉ።]

ሙላት፦ ቁጥሩ ሆዱ ላይ ነው የሚለጠፈው አልኩ!

አባ ድረስ፦ ጀርባው ላይ ነው እንጂ! ምን በድሎ ነው ሆዱ ላይ የሚለጠፍበት?

ሙላት፦ አባቴ፣ እኔ ደብረ ማርቆስ ድረስ ሄጄ ምዝገባ የተማርኩ ሰው ነኝ። ሆድ ማለት ሲጋደም ወደ ላይ የሚያየው ነው።

አባ ድረስ፦ በደረቱ የተኛ መጽሐፍ ሲሆንስ?

ሙላት፦ [ትንሽ አስቦ] ይገለበጣላ!

አባ ድረስ፦ እንግዲህ ለጥፍ። ነገ ካሚዮኑ መጥቶ ሊጭናቸው፣ ሆድ ሆነ ጀርባ ምን ለየው? አባቶቻችን ስንት ደክመው ያስጻፉት ባሕር ሊሻገር ነው። አንጀቴ ነው የሚቃጠለው። እንዲያው ልጄ፣ ከፍተህ አታየውም?

ሙላት፦ ምን ሲባል! መመሪያው የሚለው ርዝመት፣ ወርድ፣ ክብደት ነው። ከዚያ ማኅተም፣ አለቀ። ማንበብ የሚወድ ሰው መዝጋቢ አይሆንም፤ አንዱን ገጽ ሲያገላብጥ ይመሽበታል።

አባ ድረስ፦ [ፊታቸው በርቶ] እሰይ! ማለቴ… እሰይ የተማረ ሰው!

ሙላት፦ [ማኅደሩን አንሥቶ ይነቀንቃል] ይንኮሻኮሻል።

[ከማኅደሩ ቀዳዳ አንዲት ሽንብራ ዱብ ትላለች። አባ ድረስ ፈጥነው በእግራቸው ይሸፍኗታል።]

አባ ድረስ፦ ይን… ይንኮሻኮሻል እንዴ?

ሙላት፦ ብራና ሲያረጅ እንዲህ ነው፤ ደርቆ ይፈረፈራል። ዕድሜ ልክዎን አብረውት ኖረው ይህን አያውቁም?

አባ ድረስ፦ እኔ ደሞ ምኑን አውቄ!

ሙላት፦ [ሁለተኛውን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ] እ… እ… እንጥሽ!

አባ ድረስ፦ ይማርህ! የበርበ… የበረታ ጉንፋን ይዞሃል።

ሙላት፦ ጉንፋን አይደለም፣ ቀይ ቀለም ነው። የድሮ ጸሐፊዎች ሲበጠብጡት አይሰስቱም ነበር። [ዓይኑን እየጠረገ] አዬ ጥበብ!

አባ ድረስ፦ [ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ሳቃቸውን ይውጣሉ] ያስለቅሳል፣ እውነትህን ነው።

ሙላት፦ [ሦስተኛውን ሲያነሣ ያመልጠዋል፤ ወለሉ ላይ ድንጋይ እንደወደቀ ይጮኻል] እግሬን! ይሄስ ምንድን ነው?

አባ ድረስ፦ መጅ… እ… ትርጓሜ! ትርጓሜ ነው ልጄ።

ሙላት፦ ትርጓሜማ ይከብዳል። እኔንስ ከትምህርት ያስወጣኝ እሱ አይደል? ክብደት፣ "እጅግ ብዙ"። ቀጥሎ!

[ከመጨረሻው ማኅደር "ቋ! ቋ! ቋቅ!" የሚል ድምፅ ይወጣል። ሁለቱም ይደርቃሉ።]

ሙላት፦ አባቴ።

አባ ድረስ፦ አቤት ልጄ።

ሙላት፦ ይሄኛው ጮኸ።

አባ ድረስ፦ ጮኸ? እኔ… ጆሮዬ ደከም ብሏል።

ሙላት፦ [እየጻፈ] "የዜማ መጽሐፍ።"

[ማኅደሩ እንደገና "ቋቅ!" ይላል።]

ሙላት፦ "ድምፁ ያማረ።"

አባ ድረስ፦ [መቻል አቅቷቸው] ኧረ ልጄ! ማርያምን፣ አንተ ዶሮ አታውቅም? እናትህ ስንቱን ዶሮ ሠርታ ያበላችህ ሰው! ትምህርት ዶሮ ያስረሳል እንዴ?

[ሙላት ብዕሩን ያስቀምጣል። በሩን ዘግቶ ይመለሳል።]

ሙላት፦ አባ ድረስ፣ ዶሮዋን ያውጧት። ሮም ሳትደርስ በውኃ ጥም ታልቃለች።

አባ ድረስ፦ [ቁጭ ይላሉ] ታውቅ ነበር?

ሙላት፦ በርበሬን ቀለም ነው ብሎ የሚያምን ምን ዓይነት ጅል ነው? እዚሁ ግቢ ፊደል የቆጠርኩ ሰው፣ መጽሐፎቻችንን በገዛ እጄ አስረክባለሁ ብለው ጠረጠሩኝ? አዝኜብዎታለሁ፣ እውነቴን ነው። እኔን ማታለል ደግሞ እንዲህ በቀላሉ አይሞከርም! ለመሆኑ ዶሮዋ ምን ልትሠራ ገባች?

አባ ድረስ፦ መሙያ አጣሁ። ሽንብራው አለቀ። እሷንም ወታደሮቹ እንዳይበሉብኝ ብዬ…

ሙላት፦ ጣሊያን በሚጭነው ዕቃ ውስጥ ከጣሊያን ደበቋት!

አባ ድረስ፦ ጨነቀኛ! አንተስ? ሲከፍቱት ይሰቅሉሃል እኮ ልጄ።

ሙላት፦ ማኅተሙን የሚሰብረው ሮም ያለው ሊቅ ብቻ ነው ብሎ አለቃዬ ራሱ አዟል። ያ ሊቅ ሽንብራ ቢያገኝ፣ ጣሊያን ከጣሊያን ይካሰስ! አሁን ዋናውን ይንገሩኝ። መጽሐፎቹን የት አደረጋችኋቸው? ነገ ወታደሮቹ የሰዉን ቤት ሁሉ ይፈትሻሉ።

አባ ድረስ፦ ሁሉንም ቤት?

ሙላት፦ የመንግሥት ሠራተኛ ቤት ሲቀር።

አባ ድረስ፦ [ትከሻቸው በሳቅ መንቀጥቀጥ ይጀምራል] እሱንማ ሰምተናል።

ሙላት፦ ምኑ ነው የሚያስቀው? በዚህ ደብር የመንግሥት ሠራተኛ ብሎ ነገር ከእኔ በቀር… [ይቆማል] አባ ድረስ።

አባ ድረስ፦ አቤት ልጄ።

ሙላት፦ እኔ ቤት?

አባ ድረስ፦ እልፍኝህ ውስጥ፣ ከእግር እስከ ራስ ነጠላ ለብሰው ተደርድረዋል። ሚስትህ ወለላ ናት የተቀበለችን። "ቅዱሳት መጻሕፍት ባሉበትማ ባልና ሚስት አንተኛም" ብላ እሷ ጓዳ ገባች። አንተን የት እንዳደረገችህ እንጃ።

ሙላት፦ [ራሱን ይዞ] በረት! ከጥጆቹ ጋር! "ማንኮራፋትህ አላስተኛ አለኝ" ብላ ነው ያስወጣችኝ!

አባ ድረስ፦ [እንባቸው እስኪፈስ እየሳቁ] አንተስ አመንካት?

ሙላት፦ አምኜ እንጂ! በየጧቱ ጥጆቹን ይቅርታ እየጠየቅኩ ነው የምወጣው!