ሁለቱን ኮምፒውተሮች ለማስታረቅ የተጠራ ስብሰባ

በዚህ የእንጨት ሥራ ማኅበር ታሪክ እንዲህ ያለ ቃለ ጉባኤ ተጽፎ አያውቅም። እርግጥ ከዚህ በፊት ጭራሽ የተጻፈም የለም። ያዡ እኔ የበር ጥበቃው ነኝ። የማታ ትምህርት መጨረሴን ለገባ ለወጣው ሁሉ ስላወራሁ «እንግዲያው ጻፋ!» ተብዬ ተመርጫለሁ።

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት
ቦታ፦ የሥራ አስኪያጁ ቢሮ
የተገኙ፦ ሥራ አስኪያጁ (ሰብሳቢ)፣ ሒሳብ ሹሙ፣ የአናጢዎች አለቃ። ቀለም ቀቢው ውጭ ሲሠራ በመስኮት ስለሚታይ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ታይፒስቷ ጉዳዩ የሷ ስለሆነ ያለ ድምፅ ተገኝታለች።

አጀንዳ 1፦ የሰነዶች ዝውውር

ሰብሳቢው እንዳስረዱት፣ የወንበርና የጠረጴዛ ንድፎች በሙሉ ያሉት በታይፒስቷ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ለእሳቸው የተገዛው አዲሱ ግን የሚሠራበት ሲስተም ሌላ በመሆኑ የአሮጌውን ነገር እንደ ባዕድ ያየዋል። ታይፒስቷ ንድፎቹን በፍላሽ ገልብጣ ብትሰጣቸውም ባዶ ሆኖ ስላገኙት፣ ሥራዋን አታውቅም ብለዋል።

ታይፒስቷ ፍላሹን ስትሰጥ ሙሉ እንደነበር ገለጸች። አዲሱ ኮምፒውተር «ይህን ማንበብ አልቻልኩም፤ ላጥፋውና እንደ አዲስ ላዘጋጀው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ጋሼ ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው «አዎ» የሚለውን ሲጫኑ በዓይኗ ማየቷንም ጨመረች።

ሰብሳቢው፦ «በትሕትና ሲጠየቅ እምቢ የሚል ሥራ አስኪያጅ የት አለ?»

ከረዥም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ፦

ሀ) ኮምፒውተሮቹ እንዲላመዱ ለአንድ ሳምንት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ይቀመጡ። ሒሳብ ሹሙ ሽማግሌ ይሁኗቸው።
ለ) ፍላሽ ከክፍል ወደ ክፍል ሲያልፍ ጥበቃው ይፈትሸው። (ሐሳቡ የኔ ነው። ምኑን እንደምፈትሽ የጠየቀኝ የለም።)
ሐ) ታይፒስቷ ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ ትሰናበት።

የአናጢዎች አለቃ «ሐ»ን እንደሚቃወሙ፣ ነገር ግን እጃቸው ሙጫ በሙጫ ስለሆነ ማውጣት እንዳፈሩ አስመዝግበዋል።

አጀንዳ 2፦ በስልክ የመጣ ጉዳይ

ደንበኛችን የሆነው ትምህርት ቤት ደውሎ፣ የዴስኮቹን ንድፍ እስከ ምሳ ሰዓት ካላየ ሥራውን ለሌላ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ሒሳብ ሹሙ እኔ አወጣዋለሁ ብለው ተነሡ፤ የአሮጌውን ኮምፒውተር ማብሪያ ፈልገው አጥተው ተመለሱ። ሰብሳቢው ወደ ታይፒስቷ ዞሩ።

«የኔ ልጅ፣ እስቲ ቶሎ ፕሪንት አድርጊልኝ።»

ታይፒስቷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ቆማ ነበር። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ተሰናብቻለሁ። ይኸው፣ ተጽፏል» ብላ ወደኔ ጠቆመች።

ሰብሳቢው እንዳጠፋው አዘዙኝ። የማታ ትምህርት ቤት ያስተማረኝ መጻፍ እንጂ ማጥፋት አለመሆኑን በአክብሮት ገለጽኩ።

በመሆኑም ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር፣ ታይፒስቷም ኮምፒውተሮቹም በየቦታቸው እንዲቆዩ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ሰብሳቢው ታይፒስቷን ይቅርታ ጠየቁ። ንድፉ ወጥቶ ሄደ። ስብሰባው አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ተበተነ።

(ከተተየበ በኋላ በእጅ የተጨመረ፦ እውነቱን ለመናገር ያቺ የሰብሳቢው ይቅርታ የኔ ፈጠራ ናት። ሰብሳቢው ያሉት «በሉ፣ ወደ ሥራችሁ» ብቻ ነው። ታይፒስቷ ስትተይብ እዚያች መስመር ላይ ስትደርስ ቆም አለች፤ ቀና ብላ አየችኝና ሳትሰርዛት አለፈች።)